ላሽ ያረዳው መርዶ

ሰው ከገዛ አካሉ ውስጥ ጨርሶ የማያውቀው ቢኖር የኋላ ጭንቅላቱን ነው። ፊቱን በመስታወት ያያል፣ እግሩን ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ሆዱን ደግሞ ሳይፈልግም ያየዋል። ከኋላ ያለውን ግን የሚያውቁለት ወረፋ ላይ ከጀርባው የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። ይኸውና አንዳንዶቻችሁ ከአሁኑ እጃችሁን ወደ ማጅራታችሁ ሰደዳችሁ። አይዟችሁ፣ አልስቅም። እኔም ብዙ ዳብሻለሁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ ወረታ ላይ። የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ከአዲስ አበባ ከተመደብኩ ሁለተኛ ክረምቴን ጨርሻለሁ። የርብ ወንዝ ሜዳውን አጥለቅልቆ ውሃው ገና አልሸሸም፤ ገበሬው ጓያ ሊዘራ ጭቃው እስኪጠነክር ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ትምህርት ሳይከፈት ልስተካከል ብዬ ዋርካው ሥር ወዳለው ፀጉር ቆራጭ ወደ ጋሽ ይርጋ ሄድኩ።

ጋሽ ይርጋ ሲቆርጥ ያወራል። የማን ላም እንደወለደች፣ የማን አጥር በጎርፍ እንደተወሰደ፣ ይፋግ ገበያ ላይ ማን ከማን እንደተማታ ሳይነግርህ ከወምበሩ አያስነሳህም። መቀሱ ቢቆም እንኳ አፉ አይቆምም። የዚያን ቀን ግን አፉም መቀሱም ባንድ ጊዜ ቆሙ።

በዚያ ዘመን ወሬኛ ሰው በድንገት ዝም ካለ ትርጉሙ አንድ ነው፤ መሣሪያ የያዘ ሰው እየመጣ ነው ማለት ነው። ጭንቅላቴን ሳላንቀሳቅስ ዓይኔን ብቻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ላክሁ። ከአንዲት ፍየል በቀር ማንም የለም።

«ጋሽ ይርጋ፣ ምነው?»

«ምንም።»

«ምንም ነው እንዴ እንዲህ የሚያደርግህ?»

«ኧረ ምንም አልሁህ እኮ፤» አለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «መምህር፣ ከኋላህ ላሽ ገብቶብሃል» አለኝ።

ላሽ የማታውቁ ታድላችኋል። ፀጉር ከራስ ላይ ክብ ሠርቶ ብድግ ብሎ ሲሄድ፣ ቦታው እንደ እንቁላል ልስልስ ብሎ ሲቀር ላሽ ይባላል። አይቆስልም፣ አያምም፣ አይበላም። ሰው ካልነገረህ እንዳለብህም አታውቅም።

«ስንት ያህላል?» አልኩት።

«የቁልፍ ያህል።»

«የሸሚዝ ቁልፍ?»

ትንሽ አሰበና «የካፖርት» አለኝ።

እዚህ ላይ የደነገጥኩት ለመልኬ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። የኔ መልክ ላሽ ሳይጨመርበትም ብዙ የሚያሳሳ አልነበረም። ፍርሃቴ ሌላ ነበር፤ እሱን ለመናገር ስለ ሞላ መንገር አለብኝ።

ሞላ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ የወረታ ልጅ። የምኖረውም በእናቱ በእማማ አንጓች ግቢ፣ ከሱ ክፍል ጎን ባለችው ክፍል ነበር። በትምህርት ቤት ጠረጴዛችን አንድ፣ በቤት ማዕዳችን አንድ ነው። የቀኝ መንጋጋውን ስለሚያመው ሁልጊዜ በግራ በኩል ብቻ ያኝካል፤ እኔ አንድ ጉርሻ ስውጥ እሱ ገና በግራ እየዞረ ነው። እማማ አንጓች «ይኸ ልጅ እህሉን በአንድ በሬ ነው የሚያርስ» እያሉ ይስቁበታል።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ፣ አሁን ትመለሳለህ» አሉት። ጠመኔውን ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጦ ወጣ። አልተመለሰም። እናቱ እስር ቤት ስንቅ ያመላልሱ ጀመር፤ አንድ ቀን ግን ዘበኛው አገልግሉን ሳይከፍት መለሰላቸው። «ተዛውሯል» አላቸው። «ወዴት ልጀ?» ቢሉት «አይመለከትዎትም» አለ። በዚያን ጊዜ «ተዛውሯል» የተባለ ሰው ከወረታ ወደ ጎንደር ይዛወር፣ ከዚህ ዓለም ወደዚያኛው ይዛወር፣ የሚያውቅ የለም። ማልቀስ ደግሞ ክልክል ነው። ለተያዘ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቀሰ ለፀረ አብዮት አለቀሰ ይባላል ተብሎ በስብሰባ ተነግሮናል። ስለዚህ እማማ አንጓች አላለቀሱም፤ ማታ ማታ የሞላን አልጋ ያነጥፋሉ፣ ጠዋት ጠዋት ያጥፋሉ።

እኔስ? እኔማ ፈራሁ ነው የምላችሁ። ማፈር የለብኝም፤ ፈራሁ። ጠረጴዛው ሁለት ወምበር ነበረው፣ አንዱ ባዶ ሆኗል። ከሞላ ጋር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ሳሙና የተጠቀመ ሰው ቀጥሎ የሚጠራው እሱ መሆኑን ለመገመት ሳይንስ መማር አያስፈልግም። ፀጉሬ ሄደ ሲሉኝ ራሴም ሊከተለው ነው ብዬ ነው የራድኩት።

ቤት ስደርስ እማማ አንጓች ማጅራቴን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩና ወዲያው ፈረዱ።

«ሸረሪት ነው። ተኝተህ ሳለህ ሸረሪት ሸንቶብህ ነው።»

«እማማ፣ ሸረሪት እንዲህ አያደርግም።»

«ታዲያ አንተ የሳይንስ መምህር ነህ፣ ምን እንደሚያደርግ ንገረኛ!»

አላወቅሁም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው መጡና በሻካራ ጨርቅ ቦታውን ይፈገፍጉት ጀመር።

«ኧረ አቃጠለኝ!»

«ያቃጥልህ እንጅ! የማያቃጥል መድኃኒት የት አየህ?»

እየፈገፈጉ ሳለ እጃቸው ላላ። አንዴ፣ ሳያስቡት፣ «አይዞህ ሞላዬ» አሉ። ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆንን፤ እሳቸው ወደ ሽንኩርታቸው፣ እኔ ወደ ጩኸቴ ተመለስን።

ሽንኩርቱ አንድ ሳምንት ተደረገልኝ። ላሹ እንዳለ አለ፤ አሁን ግን ቀይ ሆነ፤ ደግሞም ይሸታል። ትምህርት ተከፍቶ ስገባ ፊት ያሉት ተማሪዎች አፍንጫቸውን ይዘው ነው ስለ ሳንባ የተማሩት።

ቀጥሎ ኮፍያ ገዛሁ። ኮፍያ ያደረገ ሰው በወረታ ስንት ቦታ ማውለቅ እንዳለበት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ይወለቃል፤ ሽማግሌ ሲያልፍ ይወለቃል፤ ባንዲራ ሲሰቀል ይወለቃል። እኔ ቤተ ክርስቲያኑን በሩቅ መዞር ጀመርኩ፣ ሽማግሌ ሳይ አቋርጬ ማሳ ውስጥ እገባለሁ፣ ባንዲራ ሲሰቀል ሆዴን ያመኛል። ከስብሰባ ግን የት ይኬዳል? የቀበሌ ስብሰባ ሲከፈት ሁሉም ተነስቶ ኮፍያውን አውልቆ፣ ግራ እጁን ወደ ላይ ጨብጦ መፈክር ያሰማል። እኔ ግራ እጄን ዘርግቼ በቀኝ እጄ ኮፍያዬን ጭምቅ አድርጌ ይዤ ጮህኩ። ድምፄን ከሁሉ አብልጬ ነው የጮህኩት፤ ግን ሰው የሚያየው ኮፍያዬን ነው።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ደምሴ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው፤ አሁን ግን ሲያስነጥስ እንኳ ከተማው ይማርህ ለማለት ፈቃድ ይጠብቃል። መፈክሩ ሲያልቅ ጣቱን ቀሰረብኝ።

«መምህር፣ አብዮቱ ውስጥ ብርድ አለ ወይ?»

«የለም ጓድ! ኧረ የለም!»

«ታዲያ ኮፍያው ምንድን ነው?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው ጓድ።»

«በዚህ ሙቀት?» አለና ቤቱን ሁሉ ዞር ብሎ አየ። «ሞላ ከተያዘ ወዲህ ነው ኮፍያ ያበዛኸው። እንከታተላለን።»

እንከታተላለን! የዚያን ቀን ቤቴ የደረስኩት በየትኛው እግሬ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አልፎ አልፎ የሚመጣ አንድ ወጣት ዶክተር ነበር፤ እድል በሉት፣ እሱን አገኘሁት። ጥሩ ሰው ነው፣ ድምፁ ግን በሬ ያስደነብራል። በሩ ደግሞ አይገጥምም፤ ውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው በሽተኛ ሁሉ የኔን በሽታ ከኔ እኩል ይሰማል።

«ሸረሪት አይደለም፤» አለ ላሼን በጣቱ እየነካካ። «ተላላፊም አይደለም። በሰውነትህ ውስጥ ጠባቂዎች አሉ፤ ሥራቸው ከውጭ የገባ ጠላት ካለ መፈለግና መደምሰስ ነው።»

«ጥሩ ነው» አልኩ። እዚህ ድረስ በስብሰባ ከሚነገረን መመሪያ የሚወጣ ነገር አልነበረውም።

«አንዳንዴ ግን ጠባቂዎቹ ይሳሳታሉ። የገዛ ወገናቸውን ጠላት ነው ብለው ይነሱበታል። ያንተዎቹ በፀጉርህ ላይ ተነስተዋል።»

ዓይኔን ወደ በሩ ወረወርኩ። ውጭ ይሳል የነበረ ሰው ሳሉን አቁሟል።

«ዶክተር፣ ቀስ ብለው ቢናገሩ...»

«ምን ቀስ ያስፈልገዋል? ሳይንስ ነው!» አለና ይባስ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ፀጉርህ ያጠፋው ነገር የለም። ጠባቂው ነው የበሽታው መነሻ!»

«እኔ እንዲህ አላልኩም!» ብዬ ወደ በሩ ጮህኩ።

ዶክተሩ ግር ብሎት ትንሽ አየኝ። «ለምን እንደሚነሱበት ጠንቅቆ ያወቀ የለም። በዘር የሚመጣም አለ። ድንጋጤና ጭንቀት ያባብሰዋል የሚሉም አሉ። ለመሆኑ በቅርቡ የደነገጥህበት ነገር ነበር?»

«እኔ? ኧረ ምንም! እኔ ደስተኛ ነኝ። በጣም ነው ደስ የሚለኝ!»

«እንቅልፍስ?»

«ለጥ ብዬ ነው የማድረው!»

ውሸቴን ነው፤ ከሰኔ ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ሱሪዬን ታጥቄ አልጋዬ ላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ዶክተሩ ያመነኝ አይመስለኝም። ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አደረገና፣ «ስማ፣» አለኝ፤ «ፀጉሩ ጠፋ እንጂ ሥሩ አልሞተም። ከቆዳው ሥር ተይዞ ነው ያለው። በቦታው ላይ የሚወጋ መርፌ አለ፤ እዚህ ግን የለንም። ያንተን ያህል ትንሽ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ እንዳትደነግጥ።»

«እስከዚያው ምን ላድርግ?»

«አትፍራ። መድኃኒቱ እሱ ነው።»

ያ መድኃኒት ደግሞ በወረታ አልነበረም። እስከ ባሕር ዳር ድረስ ቢፈለግም የሚገኝ አይመስለኝም።

ቤቴ ተቀምጬ አሰብኩ። ኮፍያ ማድረግ ያስጠረጥራል፤ ማውለቅ ላሹን ያሳያል፤ ላሹ ከታየ ከምን መጣ ይባላል፤ ከምን እንደመጣ ብናገር ደግሞ «ጠባቂው ነው የበሽታው መነሻ» ልል ነው! አብዮት ጠባቂ በሞላበት ከተማ ያን ቃል ከአፌ ባወጣው በማግስቱ «ተዛውሯል» እባላለሁ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ በወቅቱ በጣም ብልህ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ቀዳዳ ጣሪያ ያስታውቃል፤ ጣሪያውን ጨርሰህ ካነሳኸው ግን ቀዳዳ የሚባል ነገር አይኖርም። ሙልጭ አድርጌ እላጫለሁ!

ጋሽ ይርጋ ዘንድ ብላጭ ወሬው ከፀጉሬ ቀድሞ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሐሙሲት ለመሄድ ተነሳሁ። እማማ አንጓች በሩ ላይ ያዙኝ።

«ወዴት ነህ ልጀ?»

«ሐሙሲት። አንድ ጉዳይ አለኝ።»

«ምን ጉዳይ?»

«አሁን ምን ያደርግልዎታል እማማ፤ ስመለስ ያዩት የለ?»

ፊታቸው ተለወጠ። ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙና «እመቤቴ ትከተልህ» ብቻ አሉኝ። ላሼ እንዲህ ካስጨነቃቸው ምን ዓይነት ደግ ሴት ናቸው እያልኩ ነው የተሳፈርኩት።

የሐሙሲቱ ቆራጭ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ ስለው ምላጩን ትንሽ ያዝ አድርጎ አየኝ።

«ድንገት ነው?» አለኝ።

«ድንገት ነው» አልኩት።

«ወይ ጉድ! በል አይዞህ።»

ሲጨርስ ጨርቁን ከአንገቴ አንስቶ «እግዜር ያጥናህ» አለና ሒሳብ አልቀበልም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ልቤ ተነካ። ለአንድ ላሽ እንዲህ የሚያዝኑ ሰዎች በአገሪቱ መኖራቸውን አላውቅም ነበር። መኪናው ውስጥም አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነስተው «ግዴለም አንተ ተቀመጥ» አሉኝ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና፦

«ቻለው ልጀ። ምን ይደረጋል፣ የሄደ አይመለስ» አሉኝ።

«ኧረ ይመለሳል እማማ! ሥሩ አለ፤ በራሱ ጊዜ ይበቅላል ብሎኛል ዶክተሩ።»

ሴትዮዋ አማተቡና እስከ ወረታ ድረስ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ።

አንባቢዎቼ፣ እናንተ የዚያ አገር ሰው ከሆናችሁ ይኸን ጊዜ እጃችሁን አፋችሁ ላይ ጭናችኋል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ለኔ መላጨት ማለት ቅማል ወይ ሙቀት ነው። በዚያ አገር ግን ወንድ ልጅ ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ በድንገት ከመንገድ ብቅ ካለ ወንድም ሞቶበታል ማለት ነው። መርዶ ይዞ ነው የመጣው።

እማማ አንጓች ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆመው ነበር ለካ። «ስመለስ ያዩት የለ» ያልኳቸውን ይዘው፣ ስለ ሞላ ሊጠይቅ ሄደ ብለው፣ ምሳቸውን እንኳ ሳይቀምሱ። እኔ ኮፍያዬን በእጄ ይዤ፣ አናቴን ለፀሐይ ሰጥቼ፣ ፈገግ እያልኩ ከመንገዱ ታጥፌ መጣሁ።

አዩኝ። መጀመሪያ አልጮሁም። ቀስ ብለው «አውቄው ነበር» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ወርውረው «ሞላዬ!» ብለው ደረታቸውን ሲመቱ የግቢው አጥር የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀሱትን ባንድ አፍታ አፈሰሱት።

«እማማ! እማማ፣ አልሞተም! ላሽ ነው!»

ማን ይስማኝ። ጎረቤቱ ከየቤቱ ወጣ። ባለ ሱቋ ሱቋን ከፍታ ትታ መጣች፤ ጋሽ ይርጋ መቀሱን እንደያዘ መጣ፤ የነፍስ አባታቸው አባ ገብሬ መስቀላቸውን ይዘው ደረሱ። ስብሰባው የከለከለውን ሁሉ ረስተው ግቢውን ሞሉት። «ወንድሜ! ወንድሜ!» ይላል አንዱ። እኔ በመካከል «ማንም አልሞተም!» እላለሁ፤ ሁለት ጎረምሶች ክንድና ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝና «ያዙት፣ አእምሮውን ሊስት ነው» ተባለ። አባ ገብሬ አናቴ ላይ መስቀላቸውን አሳረፉ።

«ልጀ፣ መካድ ለሐዘን አይበጅም። አልቅስ፤ ይወጣልህ።»

«አባቴ፣ ላሽ ነው እያልኩዎት!»

«ይሁን፤ ይሁን ልጀ» አሉኝ በርኅራኄ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እማማ አንጓች መሬት ላይ ሲንከባለሉ ባየሁ ጊዜ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። የማላውቀው ነገር ሆነብኝ፤ ምናልባት እውነት ሞቶ ይሆን? እኔ ብቻ ይሆን ያልሰማሁት? ይኸን ስል ለቅሶው ድርግም ብሎ ቆመ። የግቢው በር ላይ ጓድ ደምሴ ቆሟል፤ ከኋላው ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አሉ።

«ይኸ ለቅሶ የማን ነው?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«የማን ነው አልሁ! ማን ሞተ?»

ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ አናቴ አዞረ።

ደምሴ ወደ እኔ መጣ። «አንተ ነህ ያረዳኸው? ለፀረ አብዮት ነው የተላጨኸው? ሞተ ብሎ ማን ነገረህ? ከማን ጋር ነው የምትገናኝ?»

እማማ አንጓች መሬት ላይ ሆነው፣ አፈር በአፈር ሆነው ያዩኛል፤ ከኔ አፍ ነው የሚጠብቁት።

«ጓድ፣» አልኩ፣ «ማንም አልሞተም፤ ማንም አልነገረኝም። ላሽ ወጥቶብኝ ነው። ላሼን ልደብቅ ነው የተላጨሁት። ጋሽ ይርጋ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ መስክር!»

«እውነቱን ነው ጓድ፤» አለ ጋሽ ይርጋ በመቀሱ ወደ አናቴ እየጠቆመ። «እኔው ነኝ ያየሁለት። የካፖርት ቁልፍ ያህል ነበር፤ ይኸው አሁን ሲኒ አክሏል።»

ደምሴ አናቴን ወደ ታች ደፍቆ አየ። «ላሽ ከምን ይመጣል?» አለ።

ይኸውላችሁ፤ የፈራሁት መጣ። የዶክተሩ ቃል እንዳለ ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፈ። ሁለቱን ጠመንጃዎች አየሁ። አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉ ተማሪዎቼን አየሁ፤ ነጭ የደም ሕዋስን ያስተማርኳቸው ናቸው።

«ሸረሪት ነው ጓድ፤» አልኩ። «ሸረሪት ሸንቶብኝ ነው።»

«ድሮስ አላልሁም!» አሉ እማማ አንጓች ከመሬት፣ በእንባቸው መካከል።

ደምሴ አልሳቀም። ጣቱን ላሼ ላይ አሳርፎ ቆየ። ከዚያ ያች ጣት ቀስ እያለች ወደ ራሱ ኮፍያ ሥር ገባች፣ ወደ ኋላ።

«ያማል?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ኧረ አያምም ጓድ።»

«ይበላል?»

«ምንም አይሰማም። ሰው ካልነገረህ አታውቀውም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ አጥሩ ዘወር ብሎ ጀርባውን ለሰው ሰጠ። «ይርጋ፣ ና እስቲ» አለ። ጋሽ ይርጋ ከኋላው ሄዶ ቆመ፤ ደምሴ ኮፍያውን በትንሹ ቀና አደረገ።

ጋሽ ይርጋ አየ። ዝም አለ።

የጋሽ ይርጋን ዝምታ ደግሞ ከኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ደምሴ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ድረስ ደፍቶ ዞረ፤ ላብ በላብ ሆኗል። የሚለው ሲጠፋው ይጮህ ጀመር።

«ሞላ ሞተ ያለ ማን ነው? ወሬ ፈጣሪ ሁሉ! ሞላ ደብረ ታቦር ነው ያለ! ከትናንት በስቲያ በዓይኔ አይቸዋለሁ፣ ቂጣ ሲበላ!»

ይኸን ብሎ አፉን ያዘ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስንት ደጅ ተጠንቶ ያልተገኘ ቃል በግቢያችን መሬት ላይ ወደቀ።

እማማ አንጓች ቀስ ብለው ተነሱ። ጓድም አላሉ፣ ሊቀ መንበርም አላሉ።

«አንተ ደምሴ፣ ምን ሲበላ አልህ?»

«ቂጣ።»

«በየት በኩል ያኝካል?»

ደምሴ ጠመንጃዎቹን አየ፣ እኛን አየ፣ ኮፍያውን ነካ አደረገ። «በግራ፤» አለ እንደ ተማሪ። «በግራ ጉንጩ ብቻ ነው የሚያኝክ።»

«እሱ ነው! እሱ ነው ልጀ!» ብለው እልል አሉ። ባለ ሱቋ ተቀበለቻቸው፣ ግቢው ሁሉ እልል አለ። ለቅሶ ነው የተከለከለው እንጂ ስለ እልልታ በስብሰባ የተነገረ ስላልነበረ ደምሴ የሚያደርገው ጠፋው። «በሉ ተበተኑ!» አለና ወደ በሩ ሄደ። በአጠገቤ ሲያልፍ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ሳበኝ።

«ዶክተሩ ጋ ሄደህ ነበር አሉ። ምን አለህ?»

«አትፍራ አለኝ ጓድ።»

«ማን ነው የፈራ?» አለኝ ዓይኑን አፍጥጦ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ነጭ ሽንኩርት ይጠቅማል?»

«እኔን አልጠቀመኝም ጓድ። መሞከር ግን ይቻላል።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ወቅቱ ስለቀዘቀዘ ኮፍያ ማውለቅ እንደማያስፈልግ ተነገረን። መፈክሩን ኮፍያችንን እንዳደረግን አሰማን። ፊት ያሉት ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ነበር።

እማማ አንጓች በማግስቱ አገልግላቸውን አንግተው ደብረ ታቦር ሄዱ። ልጃቸውን አላሳዩዋቸውም፤ አገልግሉ ግን ባዶውን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እንዲሁ ነው፤ እሳቸው ባዶውን አገልግል ከፍተው አይተው ይዘጉታል፣ ደስ ብሏቸው ያድራሉ። የኔም ላሽ በራሱ ጊዜ በቀለ፤ ዶክተሩ እንዳለው መጀመሪያ ነጭ ሆኖ። ጋሽ ይርጋ «የዳክዬ ላባ መሰለ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ውሻ ሲጮህ አሁንም ሱሪዬን እታጠቃለሁ።

ዓመት አልፎ፣ ሌላ ክረምት ገብቶ ወጥቶ፣ ርብ እንደገና ከሜዳው ሲሸሽ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ እኔና እማማ አንጓች ግቢ ተቀምጠን ጓያ እንለቅማለን። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆመ። ትከሻው የጎበጠ፣ ራሱ ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ነው። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

እማማ አንጓች ሽማግሌ አይተው ተቀምጠው አይጠብቁም። ወገባቸውን ይዘው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጎንበስ አሉ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ? ይግቡ እንጅ፣ አረፍ ይበሉ።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያቸው። «እማ፤» አለ። «እኔ ነኝ።»

ጓያው ከሰፌዱ ላይ ተበተነ። ምን እንደተባለ፣ ማን ማንን ቀድሞ እንዳቀፈ አልነግራችሁም፤ እኔም ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ስለነበር በደንብ አላየሁም። ዞር ስል ሞላ መሬት ላይ ተንበርክኳል፤ እማማ አንጓች በሁለት እጃቸው ነጩን ራሱን ከግንባር እስከ ማጅራት ይዳብሳሉ፣ ይመለሱና እንደገና ይዳብሳሉ። ከዚያ አንድ እጃቸውን ዘርግተው እኔንም ጎተቱኝና ያችን ገና ነጭ የሆነች የዳክዬ ላባዬን ዳበሱ።

«ነጭም ቢሆን፤» አሉ፣ «ይኸው በቀለ አይዶለም ወይ።»